ጣና ላይ ዓሣ መቁጠር፦ ከኮራል ሪፍ የመጣ ዘዴና የአንድ ማኅበር ደብተር

ጉዳዩ እንዴት ተነሳ

ከባሕር ዳር ብዙም ሳይርቅ፣ በጣና ደቡባዊ ዳርቻ፣ አንድ የዓሣ አስጋሪዎች ማኅበር አለ። የማኅበሩንም የሰዎቹንም ስም አልጠቅስም። ዓሣቸውን ለመቁጠር ሲሞክሩ ስሌቱን ሳግዝ ስለነበር ነገሩን በቅርብ ተከታትያለሁ። ለሌሎችም ይጠቅማል ብዬ ነው የምጽፈው።

አባላቱ ሁለት ወገን ናቸው። ገሚሶቹ በደንገል ታንኳ ዳር ዳሩን ይሠራሉ። ገሚሶቹ ባለሞተር ጀልባ አላቸው፤ ራቅ ብለው መረብ ይጥላሉ። ጭቅጭቁ የቆየ ነው። ባለታንኳው "ባለሞተሮቹ ጨረሱት" ይላል። ባለሞተሩ ደግሞ "ዓሣው ሞልቷል፤ ጫጩቱን ከዳር የምታወጡት እናንተ ናችሁ" ይለዋል።

ነገሩ የጋለው አንዳንድ አባላት በክረምት በወንዞች አፍ መረብ መጣል ይቅር ሲሉ ነው። ስብሰባው ላይ ሁሉም ይናገራል፤ ማንም ማስረጃ የለውም። በመጨረሻ ሊቀመንበሩ ተቆጡ። "ሁላችሁም ታወራላችሁ። እስቲ ስንት ዓሣ እንዳለ የሚነግረን ሰው አምጡ!" አሉ።

ሰው ተገኘ። የአንዱ አባል የእህት ልጅ ውጭ የባሕር ሕይወት ተምሮ የተመለሰ ነው። ግብፅ ውስጥ በቀይ ባሕር ዳርቻ የኮራል ሪፍ ዓሣ ከሚቆጥር ቡድን ጋር ሠርቷል። "ቀላል ነው ጋሼ፣ እንቆጥረዋለን" አለ።

ጣናና ዓሣው

ጣና በስፋት 3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። በጥልቀት ግን ትንሽ ነው። አማካዩ 8 ሜትር፣ ጥልቁ ቦታ ደግሞ 14 ሜትር አካባቢ ነው። ገበያ የሚወጣው ዓሣ በሦስት ይከፈላል፦ ቆሮሶ፣ አምባዛና ነጭ ዓሣ። ነጭ ዓሣ በሳይንሱ ላቤዮባርበስ ይባላል። ገበያው እንደ አንድ ይሸጠዋል እንጂ ሐይቁ ውስጥ 15 ያህል ዝርያ አለው፤ አብዛኞቹ ከጣና ሌላ የትም የሉም። ከፊሎቹ ክረምት ሲገባ እንደ ጉማራ፣ ርብ፣ መገጭና ግልገል ዓባይ ወዳሉ ወንዞች ወጥተው እንቁላል ይጥላሉ። ዋናው ጊዜ ነሐሴና መስከረም ነው።

በባለሞተር ጀልባና በሰፊ መረብ ማስገር በጣና የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ1986 ነው። ከዚያ በኋላ የመጡ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. ከ1991 እስከ 1993 የነበረውን ከ1999 እስከ 2001 ከነበረው ጋር አነጻጸሩ። ወንዝ ወጥተው የሚራቡት የነጭ ዓሣ ዝርያዎች 75 በመቶ ያህል ቀንሰው አገኟቸው። ልብ በሉ፣ ሐይቁ ውስጥ ስንት ዓሣ እንዳለ ቆጥረው አይደለም። በተመሳሳይ መንገድ ሲያዝ የሚገኘውን መጠን በሁለት ጊዜ ለክተው ነው። ይህ ነጥብ በኋላ ያስፈልገናል።

ኮራል ሪፍ ላይ እንዴት ይቆጠራል

ኮራል ሪፍ በሞቃት ባሕር ውስጥ ጥቃቅን እንስሳት ከኖራ አጽማቸው የሚገነቡት ድንጋያማ መኖሪያ ነው። ቀይ ባሕር ከ1,000 በላይ የዓሣ ዝርያ አለው፤ ብዙው የሚገኘው እዚህ ሪፍ ላይ ነው። ውሃው ጥሩ ቀን ሲሆን ጠላቂ 20 ሜትርና ከዚያ በላይ ርቆ ያያል። ዓሣውም በቀለሙና በቅርጹ ይለያል።

ጠላቂው 50 ሜትር ሜትሮ ይዘረጋል። ከሜትሮው ግራና ቀኝ 2.5 ሜትር ውስጥ ያለውን እየዋኘ ይመዘግባል። 250 ካሬ ሜትር ማለት ነው። ይህን ብዙ ቦታ ይደጋግመዋል። ለምሳሌ በአማካይ 30 ዓሣ ካገኘ በካሬ ሜትር 0.12 ይመጣል። ሪፉ አንድ ሄክታር ከሆነ 1,200 ይሆናል። ዘዴው እ.ኤ.አ. በ1954 ሃዋይ ላይ በተሠራ ጥናት ነው የታወቀው። በ1986 ደግሞ ሌላ ዓይነት መጣ፦ ጠላቂው አንድ ቦታ ቆሞ በ7.5 ሜትር ዙሪያው የሚያየውን ይቆጥራል።

እዚያም ቢሆን ቁጥሩ ንጹሕ አይደለም። ስንጥቅ ውስጥ የሚደበቀው አይታይም። አንዳንዱ ጠላቂ ሲያይ ይሸሻል፤ አንዳንዱ ምን መጣ ብሎ ይቀርባል። ጠላቂው ቀስ ባለ ቁጥር ከጎን እየዋኘ የሚገባው ዓሣ ይበዛል፤ ቁጥሩም ከእውነቱ ያልፋል። ስለዚህ የሪፍ ቆጣሪዎች ፍጥነታቸውን፣ ስፋቱንና ሰዓቱን ሳይለዋውጡ ይሠራሉ። ስሕተቱ ባይጠፋ እንኳ በየዓመቱ አንድ ዓይነት ይሁን ነው ነገሩ። ልጁ ይህን ጠንቅቆ ያውቃል። በኋላ የጠቀመንም ከመጥለቁ ይልቅ ይኸው ልምዱ ነው።

በዓይን መቁጠር አልሆነም

የመጀመሪያው ሥራ ውሃው ምን ያህል እንደሚያሳይ መለካት ነበር። የባልዲ ክዳን ጥቁርና ነጭ ተቀብቶ በገመድ ወደ ውሃ ወረደ። መሣሪያው ሴኪ ዲስክ ይባላል፤ እ.ኤ.አ. በ1865 አንድ ጣሊያናዊ ቄስ የጀመረው ነው። ወንዝ በሚገባበት በኩል ክዳኑ ክንድ ሳይሞላ ከዓይን ጠፋ። ገባ ባለው በኩል ትንሽ ይሻላል። ቢሆንም ግራና ቀኝ 2.5 ሜትር አይቶ ዝርያ ለመለየት የማይታሰብ ነው። ወንዞቹ ከእርሻው የሚያመጡት አፈር ሐይቁን ድፍርስ አድርጎታል። በዚያ ላይ ጉማሬ አለ። ሊቀመንበሩ "አንተን ቀብረን ነው ወይ ዓሣ የምንቆጥረው?" ሲሉ ክርክሩ እዚያው አለቀ።

በድምፅ ሞገድ ዓሣ የሚያሳይ ትንሽ መሣሪያም በውሰት ተሞክሮ ነበር። ነጠብጣብ ያሳያል። ነጠብጣቡ ቆሮሶ ይሁን ነጭ ዓሣ ግን አይናገርም። ውሃው ጥልቀት ስለሌለው ዓሣው ከጀልባው ሥር ይሸሻል፤ ሸምበቆው ውስጥ ያለው ደግሞ ጭራሽ አይታይም። እሱም ቀረ።

ምልክት አድርጎ መልቀቅ

ሁለተኛው ሙከራ ብዙ አስተምሯል። ሐሳቡ የቆየ ነው። ዓሣ ይያዛል፤ ምልክት ተደርጎበት ይለቀቃል። ሌላ ቀን እንደገና ይያዛል፤ ከተያዘው ውስጥ ስንቱ ምልክት እንዳለው ይታያል። እንበል 200 ቆሮሶ ምልክት ተደርጎ ተለቀቀ። በኋላ 150 ተያዘ፤ ከዚያ ውስጥ 10 ምልክት አላቸው። 200 በ150 ተባዝቶ ለ10 ሲካፈል 3,000 ይሆናል። ተመላሹ ጥቂት ሲሆን የሚመከር የቻፕማን ማስተካከያ አለ። በእሱ 2,758 ገደማ ይመጣል። ስሌቱ ይኸው ነው፤ የስምንተኛ ክፍል ተማሪ ይሠራዋል።

ችግሩ ከስሌቱ በፊት ያሉት ቅድመ ሁኔታዎች ናቸው። ቦታው የተዘጋ መሆን አለበት። ምልክቱ መውደቅ የለበትም። ምልክት የተደረገበት ዓሣ ከሌላው በላይ መሞት የለበትም። የተያዘ ምልክት ሁሉ ሪፖርት መደረግ አለበት።

ለሙከራው አፉ ጠበብ ያለ አንድ ሰላጤ ተመረጠ። ቆሮሶው በቋሚ መረብ ከተያዘ መተንፈሻው እየተጎዳ ይሞታል። ስለዚህ በሚጎተት መረብ ተይዞ፣ በትልቅ ሳፋ ውሃ ውስጥ ቆይቶ፣ ቁጥር ያለው ቀጭን የፕላስቲክ ምልክት ጀርባው ላይ ተሰካበት። የአንድ ክንፉ ጫፍም በትንሹ ተቆረጠ። ሁለት ምልክት የሆነው ፕላስቲኩ ቢወድቅ ክንፉ እንዲናገር ነው። ይህ ጥሩ ውሳኔ ነበር።

ከዚያ ተጠበቀ። ተመልሶ የመጣው ምልክት በጣት የሚቆጠር ሆነ። በዚያ ሲሰላ የሰላጤው ቆሮሶ እጅግ ብዙ ሆኖ ወጣ። ባለሞተሮቹ ደስ አላቸው። "ይኸው! አላልንም?" አሉ።

ልጁ ደስ አላለውም። ገበያ ወረደና ይጠይቅ ጀመር። ለካ ወሬው ሌላ ነው። ዓሣው ተወግቷል፣ መድኃኒት አለበት ተብሏል። ምልክት ያለበትን ዓሣ ገዥ አይነካውም። ሻጩም ምን ያድርግ? ፕላስቲኩን ነቅሎ ይጥላል፤ ዓሣውን ይሸጣል።

አንድ ነገር ግን ተገኘ። ጀልባ መቆሚያው ላይ ዓሣ የሚበልቱ አንዲት ሴት አሉ። ሥጋውን ከአጥንት ለይተው ለሆቴል ያዘጋጃሉ። ልጁ ስለ ምልክቱ ሲጠይቃቸው "ይሄን ነው እንዴ?" ብለው የወተት ዱቄት ቆርቆሮ አወጡ። ሻጮች የጣሉትን፣ ሻጮቹ ሳያስተውሉ ባለፏቸው ዓሦች ላይ እሳቸው ያገኙትንም አጠራቅመውታል። ልጆች ይጫወቱበታል ብለው ነው።

ስሌቱ እንደገና ተሠራ፤ ቁጥሩ ወረደ። ከላይ ባለው ምሳሌ ላይ ላሳያችሁ። ከ10ሩ ምልክት 5ቱ ብቻ ሪፖርት ቢደረጉ 3,000 የነበረው 6,000 ይሆናል። በሐይቁ ውስጥ አንድም ዓሣ አልተጨመረም። የተጨመረው ዝምታ ነው።

ጉዳዩን የመዘገብኩት በዚህች ነጥብ ምክንያት ነው ብል አላጋነንኩም። ምልክቱ ቢወድቅ ቁጥሩ ይጨምራል። ምልክት የተደረገበት ዓሣ ቢሞት ቁጥሩ ይጨምራል። ምልክት ያለው ከሰላጤው ወጥቶ የሌለው ቢገባ ይጨምራል። አስጋሪው ቢደብቅም ይጨምራል። አራቱም ስሕተቶች ወደ አንድ አቅጣጫ ይጎትታሉ፤ ዓሣው ከእውነቱ የበዛ ይመስላል። ተጨማሪ መረብ ይጣል ለሚል ሰው ከዚህ የተሻለ ስጦታ የለም። በችኮላ የተሠራ የምልክት ጥናት "ብዙ ነው" ሲል መጠርጠር የሚገባው ለዚህ ነው።

የቆርቆሮው ምልክት ከተጨመረ በኋላም ቁጥሩ አልታመነም። ሰላጤው አፉ ቢጠብም የተዘጋ አይደለም። ውጤቱ ለስብሰባ ሳይቀርብ ቀረ። እኔ ትክክል ነው እላለሁ፤ አንዳንዶች ግን እስካሁን ቅር ይላቸዋል።

ደብተሩ

ሦስተኛው መንገድ የተጀመረው ጥያቄውን በመቀየር ነው። ልጁ ሊቀመንበሩን "ጋሼ፣ ስንት አለ የሚለውን እንተወው። ካቻምና ከነበረው ይበልጣል ወይስ ያንሳል? እሱን ልንመልስ እንችላለን" አላቸው። ሊቀመንበሩ ትንሽ አሰቡና "እሱማ ነበር የፈለግነው" አሉ።

ስለዚህ ደብተር ተገዛ። በደብተሩ ላይ ስንት ኪሎ እንደተያዘ ብቻ አይጻፍም። ስንት ሜትር መረብ፣ የመረቡ ዓይን ስፋት፣ ስንት ሌሊት ውሃ ውስጥ እንዳደረ፣ የትኛው ቦታ፣ ታንኳ ነው ወይስ ሞተር፤ ሁሉም ይገባል። ከዚያ 100 ሜትር መረብ በአንድ ሌሊት ስንት ኪሎ ያዘ ብሎ ማወዳደር ይቻላል።

ይህ ለምን እንዳስፈለገ ሁዳዴ ያሳያል። በጾም ዓሣ ይፈለጋል፤ ዋጋው ይወጣል። ሁሉም መረቡን ይዞ ይወጣል። ወደብ የሚገባው ኪሎ ይጨምራል። ኪሎውን ብቻ ያየ ሰው ዓሣ በዛ ይላል። ለመረቡ ሲካፈል ግን ላይጨምር፣ እንዲያውም ሊቀንስ ይችላል።

መጀመሪያ ደብተሩን እንዲይዙ የተደረጉት አስጋሪዎቹ ራሳቸው ነበሩ። አልሠራም። ከሌሊት ሥራ የመጣ ሰው አይጽፍም፤ ሲጽፍም ከግብር ጋር ይገናኛል ብሎ ይቀንሳል። አንዱ ሙሉውን ዓሣ መዝኖ ይጽፋል፤ ሌላው ሆድ ዕቃው ከወጣ በኋላ ይመዝናል። ለቤት የተወሰደውና ለሆቴል በቀጥታ የሄደው ጭራሽ የለም።

ያኔ የቆርቆሮዋ ባለቤት ትዝ አሉን። አብዛኛው ዓሣ በእሳቸው ጠረጴዛ በኩል ነው የሚያልፈው። ማን ከየት እንደመጣ ያውቃሉ። "እትዬ፣ እርስዎ ቢጽፉልንስ?" ተባሉ። ሥራ እንደሚያስፈታቸው ተናገሩ። ልክ ናቸው። ከማኅበሩ በወር የተወሰነ ክፍያ ተቆረጠላቸውና ተስማሙ። ሁሉም ዓሣ ሳይበለት ይመዘን ተባለ። ደብተሩ ሰው የሚያምነው ከዚያ ወዲህ ነው።

እሳቸው ያመጡት ሌላም ነገር አለ። "ነጭ ዓሣ" በሚል አንድ አምድ መጻፉ አልዋጠላቸውም። "ይሄ አፉ ትልቅ የሆነው፣ ዓሣ የሚበላው፣ ድሮ በየቀኑ ነበር። አሁን ሲመጣ ሰው ጠርተን ነው የምናሳየው" አሉ። አምዱ በሦስት ተከፈለ። አሥራ አምስት ዝርያ በአንድ ስም ሲደመር አንዱ ቢጠፋ በሌላው ይሸፈናል። በሦስት መከፈሉ ለሳይንስ አይበቃም፤ ከአንድ ግን በብዙ ይሻላል።

የወንዝ አፍ ወጥመድ

ደብተሩ ጥሩ እየሄደ ሳለ ክረምት ገባ። ነሐሴ ላይ የነጭ ዓሣው ውጤት በአንድ ጊዜ ዘለለ። በ100 ሜትር መረብ የሚያዘው ከሌላው ወር ጋር አይገናኝም። ባለሞተሮቹ እንደገና "ይኸው ሞልቷል" አሉ።

አንድ አዛውንት ባለታንኳ ነበሩ። ደብተር አያነቡም። "የሠርግ ድንኳን ውስጥ ገብተህ ሰው ብትቆጥር አገሩ ሞልቷል ትላለህ" አሉ።

ነገሩ ያ ነው። ነጭ ዓሣው ሊራባ ከሐይቁ ሁሉ ተሰብስቦ ወንዝ አፍ ላይ ይቆማል። መረብ እዚያ ሲጣል ሁልጊዜ ይሞላል። ሐይቁ ውስጥ ያለው በግማሽ ቢቀንስ እንኳ ወንዝ አፍ ላይ ያለው ለጊዜው ጥቅጥቅ እንዳለ ሊቆይ ይችላል። አስጋሪው መቀነሱን የሚያውቀው ሊያልቅ ሲል ነው። በሪፍ ላይም ለመራባት በሚሰበሰቡ ዓሦች ላይ ይኸው ደርሷል። የተሰበሰቡበትን ቦታ ብቻ የሚያይ ቆጣሪ ይታለላል።

መፍትሔው ቀላል ነበር። የወንዝ አፍ መዝገብ ተለይቶ ለብቻው ይቀመጥ፤ ለዓመት ንጽጽር አይግባ ተባለ። ለንጽጽር የተመረጡት በሐይቁ ውስጥ ያሉ የተወሰኑ ቦታዎች ናቸው። በየወሩ አንድ ዓይነት መረብ፣ በአንድ ዓይነት ዓይን፣ ለአንድ ሌሊት ይጣላል። የሪፍ ቆጣሪው ልምድ በትክክል የገባው እዚህ ላይ ነው። ሜትሮው በመረብ ተተካ፤ ደንቡ ግን ያው ነው።

ሌላ ቦታ ለሚሞክር

ዘዴ ከመምረጣችሁ በፊት ውሃውን ለኩ። አንድ የተቀባ ክዳንና ገመድ ብዙ ገንዘብ ያድናል።

ምልክት የምታደርጉ ከሆነ ሥራውን ከገበያው ጀምሩ። ገዥውም ሻጩም ምልክቱ ምን እንደሆነ ቀድሞ ይወቅ። ለተመለሰ ምልክት ትንሽ ክፍያ ይኑር። የሚቻል ከሆነ እናንተው ምልክት ያለበት ዓሣ ከተያዘው ጋር በድብቅ ቀላቅላችሁ ስንቱ ተመልሶ እንደሚመጣ እዩ። ምን ያህሉ እንደሚደበቅ የሚታወቀው በዚህ ነው። እኛ ጋ አልተደረገም፤ ቢደረግ ኖሮ ሙከራው ይተርፍ ነበር።

መዝጋቢ ስትመርጡ ዓሣው ሁሉ በማን እጅ እንደሚያልፍ ጠይቁ። የተማረው ሰው ላይሆን ይችላል። ለሥራው ክፈሉ።

ስሕተታችሁ ወደየት እንደሚያዘነብል እወቁ። ስሕተት የሌለው ቆጠራ የለም። ወደ "ብዙ ነው" የሚያዘነብለው ግን ወደ "ጥቂት ነው" ከሚያዘነብለው ይልቅ ዓሣ ያስጨርሳል።

አሁን ያለበት

ጠቅላላ ጉባኤው በነሐሴና በመስከረም የማኅበሩ አባላት ወንዝ አፍ ላይ መረብ እንዳይጥሉ ወሰነ። ድምፁ ተከፋፍሎ ነበር። ውሳኔውን ያሳለፈው ቁጥር አይደለም፤ ቁጥሩ ገና አጭር ነው፤ ለዓመታት ንጽጽር አይበቃም። አዛውንቱ የተናገሩትና እትዬ ስለ ትልቅ አፉ ዓሣ ያሉት ይበልጥ ሰሚ አግኝቷል። በአገር ደረጃ የዓሣ ሀብት ልማትና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 315/1995 አለ፤ ጎህ ሳይቀድ ወንዝ አፍ ላይ የሚቆም ተቆጣጣሪ ግን የለም።

ያልተፈታው ከሌላ አካባቢ የሚመጡት ናቸው። እነሱ የማኅበሩ አባል አይደሉም፤ ደንቡም አይይዛቸውም። ባለሞተሮቹ "እኛ ስንተው እነሱ ይወስዱታል" ይላሉ። ለዚህ ደብተሩ መልስ የለውም። ሊቀመንበሩ የጎረቤት ማኅበራትን ሰዎች እያነጋገሩ ነው። ከመካከላቸው አንዱ ደብተሩን አይቶ ለራሱ ወደብ ቀድቶ ወስዷል፤ ሳይበለት ይመዘን የሚለውን ግን አልተቀበለም።